ሽጡና ሥሩበት
እስቲ የቤተ ክርስቲያናችሁን ዕቃ ቤት ክፈቱ። ዓመት ሙሉ ያልተነካ ኪቦርድ፣ ክር የሌለው ቤዝ ጊታር፣ አቧራ የለበሰ አምፕሊፋየር አታጡም። «ለጌታ የተሰጠ አይሸጥም» የሚል ሽማግሌም አይጠፋም። አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ለጌታ የተሰጠው ለአይጥ ይሁን ያለው ማን ነው? ሰጪው የሰጠው እንዲዘመርበት ነው። እሱን ጠይቁ፣ መሪዎችን አስፈቅዱ፣ ጉድለቱን ለገዢው ሳትደብቁ ሽጡት።

በገንዘቡ ግን ሌላ ኪቦርድ እንዳትገዙ! እንጨት፣ ኮላ፣ ክርና የክር መወጠሪያ ግዙና አኮስቲክ ጊታር በእጃችሁ ሥሩ። «የሱቁ ይረክሳል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን የሱቁ ጊታር አንገቱ ሲጎብጥ ማን ያቃናዋል? የብረት ክሮቹ ሲወጠሩ በድምሩ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይጎትታሉ፤ ይህን የሚችለው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የፊት ገበታ ነው፣ ያውም ከውስጥ በተለጠፉ ቀጫጭን ድጋፎች ታግዞ። ይህን በእጁ የላገ ልጅ የተሰነጠቀ ጊታር ዕቃ ቤት አይወረውርም።

ውድ እንጨት የለንም አትበሉ። ስፔናዊው አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ እንደ ፈረንጆቹ በ1862 ጎኑና ጀርባው ካርቶን የሆነ ጊታር ሠርቷል፤ ለድምፁ ዋናው የፊት ገበታው መሆኑን ለማሳየት። እናንተም ለፊቱ በደንብ የደረቀ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ እንጨት ፈልጉ፤ ለጀርባው ዋንዛ ሞክሩ። እርጥቡን አትንኩ፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

በጉባኤያችሁ አናጺ አባት ካሉም እንዲያስተምሯችሁ ለምኗቸው፤ ወንበር ሲሰበር ብቻ አትጥሯቸው።