ለመሥሪያ ቤት ሲባል የሚዋሽ ውሸት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ስለ ማጭበርበር ሲነሣ ዐይናችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ራሱ ኪስ ወደሚከተው ሰው ነው። ለመሆኑ ለራሱ አምስት ሳንቲም ሳይወስድ ለመሥሪያ ቤቱ ብሎ የሚያጭበረብረውንስ ምን እንበለው?

የጀርመኑን ቮልስዋገን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የኩባንያውን ጉድ ይፋ አወጣ። በናፍጣ መኪኖቹ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር መኪናው እየተመረመረ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ይቀንሳል። መንገድ ላይ ግን ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ይህ ሶፍትዌር ነበረባቸው። መሐንዲሶቹ የአሜሪካን ጥብቅ ደንብ የሚያሟላ ሞተር መሥራት ሲያቅታቸው «አልቻልንም» ከማለት ማታለልን መረጡ። ከእነሱ አንዱ፣ ኩባንያውን ከ30 ዓመት በላይ ያገለገለው ጄምስ ሊያንግ፣ በ2017 የ40 ወር እስራት ተፈረደበት። ጠበቃው የተከራከሩትም ሰውየው ስግብግብ ሳይሆን ለአሠሪው በጭፍን የታመነ ነው ብለው ነው።

ይሄ ነገር ከእኛ የራቀ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ክረምት በአንድ ተቋም የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለልምምድ ገብቼ ነበር። ስለ አንድ ስብሰባ ዜና ስጽፍ 60 የነበረውን ተሳታፊ 100 አደረግኩት። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልከፈለኝም። ኃላፊዬ አንብበው «ጎበዝ!» ሲሉኝ ደስ አለኝ። አንባቢው ትዝ ያለኝ ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

እንደኔ አስተያየት ችግሩ ታማኝነት አይደለም። ያደግነው የቤት ገመና ወደ ደጅ አይወጣም እየተባልን ነው። ሥራ ስንይዝ ይህንኑ ይዘን እንገባና መሥሪያ ቤቱን እንደ ቤታችን እንሸፍነዋለን። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ገመና ዕዳው የሚወድቀው ደጅ ባለው ሰው ላይ ነው፤ ጭሱን በሚተነፍሰው፣ ዜናውን አምኖ በሚያነበው።

ደግሞስ መሥሪያ ቤቱ መቼ ተጠቀመ? ቮልስዋገን በዚህ ጣጣ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጪ ደርሶበታል። በጊዜው «አልተቻለም» የሚል አንድ ደፋር ሠራተኛና እሱን ሳይቆጣ የሚሰማ አለቃ ቢኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

እኛም ነገ ከነገ ወዲያ በየሕዝብ ግንኙነቱና በየዜና ክፍሉ እንበተናለን። አለቃችን «ጎበዝ!» ሲሉን ከመደሰታችን በፊት እስቲ ቁጥሩን መልሰን እንቁጠረው።