ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ ወጣቶች ያለኝ አሳብ



ይህን ጽሑፍ በማዘጋጅበት ጊዜ የ2026 ዓ.ም. የቤዝቦል ውድድር ገና አልተጀመረም። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በምንኖርበት አገር አቆጣጠር ነው።) የናሽናልስ ተጫዋቾች በፍሎሪዳ ፀሐይ ሲለማመዱ እኛ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፖርታችንን ቆልፈን ወሬያቸውን እንጠባበቃለን። በዚህ ወቅት የማንኛውም ቡድን ደጋፊ ተስፋ ያደርጋል፤ እስካሁን የተሸነፈ የለምና። የኔ ተስፋ ግን ከክፍል ጓደኞቼ አሳብ ጋር ስላልተስማማና በምሳ ሰዓት ብዙ ጊዜ ስላከራከረን፣ በጽሑፍ ላቀርበው ወደድሁ።

ከመምህራንና ከወላጆች መካከል ጨዋታውን የማያውቁ ስለሚኖሩ በመጀመሪያ ጥቂት ላስረዳ። ቤዝቦል ዱላና ኳስ ያለበት ከመሆኑ በቀር ከገና ጨዋታችን ጋር ብዙም ዝምድና የለውም። ወርዋሪው ኳሷን በኃይል ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ሊመታት ይቆማል። ከመታት በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን ማረፊያዎች ዞሮ ወደ ተነሣበት ለመመለስ ይሮጣል፤ ሦስት ጊዜ ከሳታት ግን አንገቱን ደፍቶ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ከ10 ጊዜ 3ቱን አሳምሮ የሚመታ ሰው ታላቅ ተጫዋች ይባላል። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ከ10 ጥያቄ 7ቱን ስተሽ ብትመጪ ግን እኔ እንደዚያ አልልሽም» ብለው ስቀውብኛል። ጨዋታው በዓመት 162 ጊዜ ስለሚደረግ ደጋፊውም የሚያዝንበት ቀን አያጣም።

አባቴ ጨዋታውን የለመዱት በዋሽንግተን ከተማ በመኪና ማቆሚያ ሌሊት ሲሠሩ ከሬዲዮ ነው። እንግሊዝኛቸውንም ከዚያው ተማሩ ይላሉ እናቴ፤ እኔ ይህን አላምንም፤ የቤዝቦል ሬዲዮ እንግሊዝኛ እዚህ ለተወለድነውም ይከብዳልና። ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ናሽናልስ ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ 6 ለ 2 ረትቶ ሻምፒዮን ሲሆን የ11 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ዋሽንግተን ከ1924 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያለ ድል አላየችም ነበር። እናቴ በማግሥቱ ትምህርት እንዳለኝ ቢያሳስቡም ያን ሌሊት በቤታችን የተኛ አልነበረም። በዚያ ቡድን ውስጥ ሁዋን ሶቶ የሚባል የዶሚኒካን ሪፑብሊክ ልጅ ነበር፤ 21 ዓመት የሞላው በዚያው በፍጻሜው ውድድር መካከል ነው። አባቴ ከተጫዋቾች ሁሉ እርሱን ይወዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የቤዝቦል ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል። ብራይስ ሃርፐር ከድሉ በፊት ወደ ፊላደልፊያ ሄዶ ነበር፤ ትሬ ተርነር በ2021 ዓ.ም. ወደ ሎስ አንጀለስ ተላለፈ፤ ኦገስት 2 ቀን 2022 ዓ.ም. ደግሞ ሶቶ ራሱ ወደ ሳንዲያጎ ተላከ። አባቴ ያን ዕለት ማታ ቀዩን ኮፍያቸውን ከበሩ ኋላ አንሥተው ሻንጣ ውስጥ ከተቱት። «የሰው ልጅ አሳዳጊ ሞግዚቶች ሆነን ቀረን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለው አንድ ጨዋታ አይተው አያውቁም።

ቡድኑም ወደቀ። በ2022 ዓ.ም. 107 ጊዜ ተሸነፈ፤ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት እያንዳንዳቸው 71 ጊዜ አሸነፈ፤ በ2025 ዓ.ም. ደግሞ 66 አሸንፎ 96 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ዋናው ኃላፊና አሠልጣኙ ተሰናበቱ። አዲሱ አሠልጣኝ ብሌክ ቡቴራ ሲሾም ዕድሜው 33 ነበር፤ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ በሜጀር ሊግ እንዲህ ወጣት የሆነ አሠልጣኝ አልተሾመም። እንግዲህ ወጣቶችን የሚመራው ራሱ ወጣት ነው። ይህ ደግ ይሁን ክፉ ገና ይታያል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሶቶ ለውጥ ከመጡት ልጆች አንዱ ጄምስ ውድ ነው። ውድ በሮክቪል ተወልዶ በኦልኒ ያደገ የአገራችን የሜሪላንድ ልጅ ነው፤ ኦልኒ ማለት የኛኑ ጆርጂያ ጎዳና ይዞ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው የምትገኘው ከተማ ናት። ቁመቱ 2 ሜትር ያህላል። በ2025 ዓ.ም. 31 ጊዜ ሆም ራን መታ፤ ማለት ኳሷን ከአጥር ማዶ ሰደዳት። በዚያው ዓመት ግን 221 ጊዜ ሦስቱንም ስቶ ተመለሰ፤ በአንድ ዓመት ከዚህ ይበልጥ የሳቱ ሰዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ከነርሱ የሚበልጠው ማርክ ሬይኖልድስ ነው፤ እርሱም በ2009 ዓ.ም. 223 ጊዜ ነው። የክፍል ጓደኞቼ ይህን 221 የሚባል ቁጥር እንደ ስድብ ይዘውት ይዞራሉ።

እኔ ደግሞ ጁን 29 ቀን 2025 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሳቸዋለሁ። በዚያ ቀን የሎስ አንጀለስ ኤንጀልስ ቡድን ውድን ከመወርወር ይልቅ አራት ጊዜ በፈቃዱ ወደ አንደኛው ማረፊያ በነፃ አሳለፈው። በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ እንዲህ የተፈራ ሰው ከ2004 ዓ.ም. ከባሪ ቦንድስ ወዲህ አልታየም ነበር። ሕዝቡ የሚስቅበትን ልጅ ባላጋራው እንዲህ ከፈራው፣ ልጁን የሚያውቀው ማን ነው? በእርግጥ ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ዱላው ደከመ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ጨዋታ የጨረሰው በ23 ዓመቱ ነው፤ ወርዋሪዎች ድካሙን አጥንተውታል፤ አሁን ደግሞ ተራው የርሱ ነው፤ እርሱ ያጥናቸው።

ዲላን ክሩዝ በ2023 ዓ.ም. ከአገሩ ተመራጮች ሁሉ ሁለተኛ ሆኖ የተወሰደ ነው። በ2025 ዓ.ም. ከሜይ እስከ ኦገስት ተጎድቶ ተቀመጠ፤ ሲጫወትም ከ10 ጊዜ 2 ያህል ብቻ መታ። «አበቃለት» የሚሉ አሉ። ሳይጀምር እንዴት አበቃለት? እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ወረቀት ውጤት «ይህ ልጅ አይሆንም» ስንባል እንዴት እንደምንቆጣ ጓደኞቼ ቢያስቡት ደስ ይለኛል፤ ያውም እኛን በ30 ሺሕ ሰው ፊት የሚፈትነን የለም።

ዴይለን ላይልን ማንሣት ደግሞ ለኔ እንደ በዓል ነው። ይህ ልጅ በክንዱ ቀዶ ሕክምና ምክንያት የ2022ን ዓመት ሙሉ አልተጫወተም። በ2025 ዓ.ም. ግን ከሜይ ጀምሮ ገብቶ እስከ ሦስተኛው ማረፊያ የሚያደርስ ምት 11 ጊዜ መታ። ሴፕቴምበር 20 ቀን ኒውዮርክ ላይ ጨዋታው ወደ 11ኛው ዙር ተራዝሞ ሳለ፣ ኳሷ ከአጥር ሳትወጣ በእግሩ ብቻ ዙሪያውን ጨርሶ ገባ፤ ናሽናልስም አሸነፈ። ያን ማታ ብቻዬን ሳሎን ውስጥ ስጮኽ እናቴ የሚያርዱኝ መስሏቸው ነበር።

ሲ ጄ ኤብራምስ ከሶቶ ለውጥ የመጣ ሌላው ነው፤ በ2024 ዓ.ም. ከምርጦቹ ጋር ተሰልፏልና የኔን ጠበቃነት አይፈልግም። ስለ ብሬዲ ሃውስ ለመፍረድ ገና ነው። በወርዋሪዎቹ ላይ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ተስፋዬ ቀጭን ነው። ከነርሱ መካከል ኬድ ካቫሊን በርኅራኄ እጠብቀዋለሁ፤ በ2022 ዓ.ም. አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ተጎዳ፤ በ2023 ዓ.ም. ክርኑን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ተመልሶ ሜዳ የገባው በኦገስት 2025 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ጠብቆ የመጣ ሰው ሦስት ወር ሊጠበቅ አይገባውምን?

እንግዲህ አሳቤ ይህ ነው። ዘንድሮ ናሽናልስ ብዙ ያሸንፋል ብዬ አልከራከርም። የምመኘው እነዚህ ልጆች እየሳቱም ቢሆን በየቀኑ እንዲሰለፉና፣ ከሁሉ በላይ፣ ሲበስሉ ከእኛ ዘንድ እንዲቀሩ ነው። በሊጉ ሕግ አንድ ተጫዋች ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ወደ ፈለገው ቡድን መሄድ ይችላል። ለኤብራምስ ይህ ጊዜ የ2028 ጨዋታ ሲያልቅ፣ ለውድ የ2030 ጨዋታ ሲያልቅ ይደርሳል። ሩቅ ይመስላል፤ ሶቶም ሩቅ ይመስለን ነበር።

አንዳንዶች «ሶቶ እኮ ራሱ እንቢ አለ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦለት እንዳልተቀበለ በጊዜው በጋዜጦች ተጽፏል። በኋላ በዲሴምበር 2024 ዓ.ም. ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ስለ ተዋዋለ ሞኝ አልነበረም። ነገር ግን ያ ጥያቄ የቀረበለት ከገነነ በኋላ ነው። አትላንታ ሮናልድ አኩኛን በ2019 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ለ8 ዓመት በ100 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመችው፤ ልጁ ገና የራሱን ዋጋ ሳያውቅ ማለት ነው። (ይህ ለልጁ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ፣ መልሴ እንደ ደጋፊና እንደ ሰው ሁለት ይሆንብኛል።)

ናሽናልስም አንድ ጊዜ ሞክሮታል። በ2023 ዓ.ም. ኬበርት ሩይዝን ለ8 ዓመት በ50 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። በ2025 ዓ.ም. ሩይዝ ተራውን ሲጠብቅ ተቀምጦ ሳለ ጭንቅላቱን በኳስ ተመትቶ ታመመ፤ የዓመቱም ጨዋታ በዚያው ቀረበት። «አየሽ!» ይሉኛል ተከራካሪዎቼ። አዎን፣ አይቻለሁ። ወጣት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ገንዘቡን ሊያስበላ ይችላል። እኔ ግን 50 ሚሊዮን ከመክሰር ይልቅ ሶቶን መክሰር የበለጠ ዋጋ ያስከፈለ ይመስለኛል፤ ለዚህም ምስክሬ በቤታችን ሻንጣ ውስጥ ያለው ኮፍያ ነው።

በመጨረሻ ስለ ኤላይ ዊሊትስ። በጁላይ 2025 ዓ.ም. ናሽናልስ ከአገሩ ልጆች ሁሉ አንደኛ አድርጎ የመረጠው ይህን የኦክላሆማ ልጅ ነው፤ ያን ጊዜ 17 ዓመቱ ነበር። በኦገስት ወር በቨርጂኒያ፣ በፍሬድሪክስበርግ ከሚገኘው የታችኛው ክፍል ቡድን ጋር መጫወት ጀመረ። ወደ ዋናው ቡድን እስኪደርስ ዓመታት ሊወስድበት ይችላል፤ እኔም ያን ጊዜ የት እንደምሆን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ስለርሱ ስነግራቸው አባቴ ዓይናቸውን ከስልካቸው ሳያነሡ ያዳምጡኝ ነበር። «ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። «አሁን 18 ሞላው» አልኋቸው። «እንዳንቺ?» ብለው ቀና አሉ፤ ሌላ ቃል ግን አልጨመሩም። ማታ እራት ስንበላ ፍሬድሪክስበርግ በመኪና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጠየቁኝ። ኮፍያው ገና ከሻንጣው አልወጣም።