ምጥ ሳነቴ ላይ እንዳይዝሽ

ነፍሰ ጡር እኅቴ ሆይ፣ ከሪራ ወደ ጎባ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ የሳነቴን ሜዳ ይሻገራል። ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ውርጩ ብርቱ፣ መኪናው እንደ ልብ የማይገኝበት ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ብርቱ ደም መፍሰስ ግን በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ምጡን አትጠብቂ። የመውለጃሽ ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ፣ ወይም ጎባና ሮቤ ባለ ዘመድሽ ቤት ሰንብቺ። ደም ከታየሽ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣብሽ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀን ሳትቆጥሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

አባወራውም የመኪናውን ገንዘብ፣ ጋቢውንና ደም የሚለግስ ሰው ቀደም ብሎ ያዘጋጅ። ምጥ ቀጠሮ አያከብርም።