ሳይለኩ ፍርድ፦ ስለ ወንድ መካንነትና ስለ ዝምታው

በአገራችን ሠርግ ሙሽሮች ከሚመረቁባቸው ቃላት አንዱ «ውለዱ፣ ክበዱ» የሚለው ነው። ምርቃቱ የሚነገረው ለሁለቱም ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት አልፎ ልጅ ሳይመጣ ሲቀር ግን ጥያቄው ወደ አንዷ ብቻ ይዞራል። ሚስት ከሐኪም ቤት ወደ ጸበል፣ ከጸበል ወደ ባህል ሐኪም ትንከራተታለች፤ ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ጎረቤትና ዘመድ በእርሷ ላይ ይፈርዳል። በዚህ ሰበብ የሚፈርስ ትዳር አለ።

እኛ የፊዚክስ መምህራን በቤተ ሙከራ አስቀድመን የምናስተምረው ሳይለኩ አለመፍረድን ነው። አምፖል አልበራ ሲል ባትሪውንና ሽቦውን ሳይፈትሽ ጥፋቱን በአምፖሉ ላይ የሚጥል ተማሪ ነጥብ አያገኝም። በትዳር ጉዳይ ግን ይኸው ስሕተት እንደ ወግ ተቆጥሮ ይኖራል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ6 አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት ያጋጥመዋል። መካንነት የሚባለው ጥንዶች ያለ መከላከያ ለ12 ወራት አዘውትረው ተገናኝተው ጽንስ ሳይፈጠር ሲቀር ነው። ከእነዚህ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ዘንድ፣ ለብቻውም ሆነ ከሴቷ ችግር ጋር ተደምሮ፣ የወንዱ ድርሻ አለበት። ምክንያቶቹም ብዙ ናቸው፤ በዘር ፍሬ ዙሪያ ያሉ የደም ሥሮች ማበጥ፣ በጊዜው ያልታከመ የአባላዘር በሽታ፣ ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ፣ የሆርሞን መዛባት፣ ከውልደት ጀምሮ ያለ የክሮሞሶም ልዩነት ይጠቀሳሉ። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዩዌንሁክ የወንዴን ዘር በማይክሮስኮፕ የተመለከተው እ.ኤ.አ. በ1677 ነበር። ዛሬም የመጀመሪያው ምርመራ በመሠረቱ ያው ነው፤ የዘር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ይቈጠራል። ሴቷ ከምታልፍባቸው ምርመራዎች ብዙዎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ሕመምም የለውም። የሚከብደው ውጤቱን መስማት ነው። ስለሆነም የቍጥሩን ትርጉም ማወቅ ይገባል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መመሪያ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን የወንዴ ዘር እንደ ታችኛ ማመሳከሪያ ተቀምጧል። ይህ አኃዝ የተገኘው ሚስቶቻቸው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ካረገዙላቸው ወንዶች ነው፤ ከእነዚያ ከ100ው አባቶች 5ቱ ከዚህ በታች ነበሩ። እንግዲህ ቍጥሩ የዕድል መጠን ጠቋሚ እንጂ ወንድን ከወንድ የሚለይ ድንበር አይደለም። በዚህ ላይ የወንዴ ዘር ተሠርቶ ለመብሰል ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅበት ከሁለት ወር በፊት የነበረ ብርቱ ትኵሳት የዛሬውን ውጤት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የተዛባ ውጤት ተደግሞ ይታያል። በአንድ ልኬት ብቻ መደምደም በማንኛውም ሳይንስ ነውር ነው። ዘር ጨርሶ የሌለው ሰው እንኳ በሌላው ነገር ሁሉ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ የመውለድ ችሎታና ወንድነት አንድ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ማይክሮስኮፕ ኀዘንን አይለካም። ያልተወለደ ልጅን መናፈቅ እውነተኛ ኀዘን ሆኖ ሳለ ድንኳን አይጣልለትም፣ ለቀስተኛም አይመጣለትም። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ያደገው ባል ሥራ ያበዛል፣ ከወዳጅ ይርቃል፣ አንዳንዱም መጠጥ ውስጥ ይደበቃል። የባሏን ክብር ለመጠበቅ «ችግሩ የእኔ ነው» ብላ ስድቡን ብቻዋን የምትቀበል ሚስትም አለች። ይህ ፍቅር ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ግን አይደለም።

በእኛ አስተያየት መፍትሔው የሚጀምረው ባልና ሚስት አብረው በመመርመርና ውጤቱንም አብረው በመቀበል ነው። ቀጥሎ ምስጢሩ የሁለቱም ስለሆነ ተስማምተው አንድ የሚታመን ሰው ይምረጡ፤ ወንድም፣ አብሮ አደግ፣ የሃይማኖት አባት ወይም የሥነ ልቡና ባለሙያ ሊሆን ይችላል። በዚያው መንገድ ካለፈ ሰው ጋር መነጋገር ደግሞ ብቸኝነትን ያቀላል። እንቅልፍ የሚነሣና ሕይወትን የሚያስጠላ ጭንቀት ከመጣ ግን ሐኪም ዘንድ መሄድ እንደማንኛውም ሕመም መታከም ነው። አድማጩም «እገሌ ከዐሥር ዓመት በኋላ ወልዷል» በሚል ወሬ ለማጽናናት አይቸኵል፤ ይስማ፣ ምስጢር ይጠብቅ፣ ከወር በኋላም ተመልሶ «እንዴት ነህ?» ይበል።

ሕክምናውም ብዙ ርቆ ሄዷል። አንዲት የወንዴ ዘር በቀጥታ ወደ ሴቴ እንቍላል በማስገባት ብራስልስ ውስጥ የተሳካ እርግዝና መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተዘገበ ወዲህ የዘር ቍጥራቸው እጅግ አነስተኛ የሆነ ብዙ ወንዶች አባት ሆነዋል። በአገራችንም በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ተከፍቷል። ሆኖም ሕክምናው ሁልጊዜ አይሰምርም። ጉዲፈቻ ጥንታዊና የተከበረ መንገድ ነው፤ ግን ጥንዶቹ ኀዘናቸውን ተወጥተው ራሳቸው የሚመርጡት እንጂ ዘመድ የሚደነግገው አይደለም።

ተማሪዎቻችን ይህን «የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ» ብላችሁ እንዳታልፉት እንጠይቃለን። ጡንቻ ለማፈርጠም በየስፖርት ቤቱ የሚወሰድ ቴስቶስትሮን የዘር መመረትን ያዳክማል፤ የአባላዘር በሽታን ደብቆ መቆየትም መዘዙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ከሁሉ በላይ አንደበታችሁን ጠብቁ። ያልወለደን ሰው በበቅሎ መስላችሁ ስትሥቁ፣ አጠገባችሁ ተቀምጦ አብሮ የሚሥቀው ሰው ምን እንደተሸከመ አታውቁም። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰው ሕመሙን የሚገልጠው የማይሣለቅበት ጆሮ ሲያገኝ ነው።