መውደቅን መማር

በከተሞቻችን ቴኳንዶና ካራቴ የሚያዘወትሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው ተደባዳቢ እንዳይሆን ይሰጋሉ፤ አሠልጣኞች በአንጻሩ ስፖርቱ ሥነ ምግባርን ያንጻል ይላሉ። ይህ ጸሐፊ ከአሠልጣኞቹ ጋር ይስማማል፤ ምክንያቱን ግን ከመሐላውና እጅ ከመንሳቱ ይልቅ በልምምዱ አሠራር ውስጥ ያገኘዋል። ለዚህም ጁዶ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ በሚገኝ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ 12 ምንጣፍ በሚነጠፍበት ክፍል ኮዶካንን ሲመሠርት የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ሙያው መምህርነት ነው። ከጥንቱ ጁጂትሱ ለነጻ ልምምድ አደገኛ የሆኑትን ስልቶች ለይቶ፣ ተጋጣሚን ከመጣል አስቀድሞ ሚዛኑን ማሳጣትን ዋና መርሁ አደረገ። ፊዚክስ የተማረ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ የስበት ማዕከሉ ከእግሮቹ መቆሚያ ስፋት የወጣን ሰው ለመጣል ብዙ ጡንቻ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ጀማሪ በቅድሚያ የሚማረው መውደቅን ነው። ከ1 ሜትር ከፍታ የወደቀ አካል መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 4.4 ሜትር ያህል ነው። ይህ ፍጥነት በእጅ አንጓ ላይ በቅጽበት ቢገታ አጥንት ሊሰበር ይችላል። ሰልጣኙ ግን አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ጀርባውን አጉብጦ፣ በሙሉ ክንዱ ምንጣፉን ሲመታ ምቱ በሰፊ የሰውነት ክፍል ላይ ይከፋፈላል፤ ሲንከባለል ደግሞ ፍጥነቱ የሚበርድበት ጊዜ ይረዝማል።

አንድን የመጣያ ስልት ለማጥናት አጋር ደጋግሞ መውደቅ አለበት። እርሱ አካሉን ያውሳል፤ ጣዩም እጅጌውን ሳይለቅ በደኅና ያሳርፈዋል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። አጋሩን የሚጎዳ ሰው በነጋታው አብሮት የሚለማመድ አያገኝም። ቴኳንዶም ቢሆን የእርግጫ መለማመጃውን ትራስ የሚይዝ ጓደኛ ይፈልጋል። ካኖ «ጂታ ክዮኤይ» ያለው፣ የራስና የሌላው የጋራ ጥቅም የሚል ትርጉም ያለው መርህ፣ በዚህ የዕለት ተዕለት ልውውጥ ውስጥ ይታያል።

«የሚቆዩት ከመጀመሪያውም ትዕግሥተኞች ስለሆኑ ነው» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትተው የሄዱትን ሳይቆጥሩ በቀሩት ብቻ መፍረድ ያሳስታል። ሆኖም የጣሉትን ሰው በጥንቃቄ ማሳረፍ ማንም ይዞት የሚመጣ ጠባይ አይደለም፤ እጅ ተደጋግሞ ሲሠራ የሚለምደው ነው።

እንግዲህ ክለብ ለመምረጥ የምታስቡ ተማሪዎች ዋንጫዎቹን ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ቀበቶ የታጠቀው ሰው ትናንት የመጣውን ጀማሪ እንዴት እንደሚያሳርፈው፣ ተራው ሲደርስም ይወድቅለት እንደሆነ እዩ።