ማታ ጎንደርን በእግር

እኛ ከደባርቅና ከዳባት መጥተን ጎንደር የምንሰለጥን ልጆች ሰሞኑን መኝታ ክፍላችን ውስጥ ክርክር ገጥመን ነበር። የፋሲል ግቢና አካባቢው በአስጎብኚ እየተመራ ማታ በእግር ቢጎበኝስ? የሚል ነው። «ቀን አይተን መች ጠገብን!» ያለም አለ። አብዛኞቻችን ግን ይለመድ ባዮች ነን።

የሰሜን ተራሮችን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ቤተ መንግሥቶቹን ቀን ያይና በማግስቱ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ይገባል። ማታ የሚያቆየው ቢያገኝ አንድ አዳር ይጨምር ነበር። ይኼ ግን ትንሹ ምክንያታችን ነው።

ትልቁ ነገር ፍርሃት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ምክንያት ጎንደርን ጨምሮ በስድስት የክልላችን ከተሞች ሰዓት እላፊ ታውጆ ነበር። አዋጁ ጊዜው ቢያበቃም እኛ ሲመሽ እግራችን አሁንም ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ከኋላችን ኮቴ ከሰማን ወሬያችንን እናቆማለን።

ታዲያ ጎንደር ማታ መሄድ አታውቅም እንዴ? ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፤ ካህናቱ ሲያዜሙ፣ ሕዝቡም ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ሲጠብቅ ያነጋል። ያን ሌሊት ማንም ብቻውን ስላልሆነ ጨለማውን የሚፈራው የለም።

ለአሠራሩም ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ደባርቅን ማየት ነው። እዚያ ፓርኩን በእግር የሚጎበኝ ሰው ጠብመንጃ የያዘ ስካውት ያስከትላል፤ አስጎብኚውም ባለበቅሎውም በተራ ይሠራል። እዚህም አስጎብኚው በተራ ይመደብ፣ ጠባቂም ይከተል እንላለን። (ጠብመንጃው ይቅር፤ ለከተማ ባትሪ ይበቃል።) ጉዞው ከፒያሳ ይነሣ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በያዘን ጊዜ የተሠሩት ቤቶችና የፒያሳ ስም ከየት እንደመጣ ይነገረን። ከዚያ ግንቡን እንዙር፤ 900 ሜትር ያህል ነው፣ ቀስ ብለው ቢዞሩት እንኳ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯትን ከተማ ነገ ለዳባት ገጠር ልጆች የምናስተምረው እኛ ነን፤ ከመጽሐፍ ብቻ አንብበን ምን ልንነግራቸው ነው?

ዋጋው ግን ለውጭ እንግዳ ብቻ ታስቦ እንዳይወጣ። ለተማሪና ለከተማው ሰው የሚቀመስ ይሁን፤ አለዚያ ማታው የእንግዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የታሪክ መምህሮቻችን አብረውን ለመሄድ ፈቃደኛ ከሆኑ ከእኛ ክፍል ሰባት ሰዎች ዛሬውኑ እንመዘገባለን። ባትሪ ከየራሳችን።