ቴስተር ዝም ሲል

አበው «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላሉ። ለጋዜጠኝነት ተማሪ የሚቀርበው ሁለተኛው ቢሆንም እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አያያዝ ነው፤ ያውም ስለ ቴስተር አያያዝ።

ውድ አንባቢያን፣ በየቤቱ የማይጠፋው ባለ መብራት ካቻቢቴ እንዴት እንደሚሠራ ስንቶቻችን እናውቃለን? ውስጡ ትንሽ የኒዮን መብራትና ከፍተኛ ሬዚስተር አለ። ጣታችንን ከኋላው ብረት ላይ ስናሳርፍ እጅግ ጥቂት ከረንት በሰውነታችን አልፎ መብራቷን ያበራታል። ስለዚህ የያዘው ሰው ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። የጎማ ጫማ አድርጎ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ከቆመ ብርሃኗ ይደክማል፤ ፀሐይ ላይ ብትበራም በደንብ አትታይም፤ ከተበላሸችማ ጭራሽ አትናገርም።

ታዲያ «አልበራም» ብሎ 220 ቮልት ያለበትን ሽቦ በባዶ እጅ መያዝ ምን ይባላል? «ስንት ዓመት እንዲህ ስሠራ ምን ሆንኩ?» የሚሉ አሉ። አለመሞት እኮ ለትክክለኛነት ማስረጃ አይሆንም! የሚያሳዝነው ይሄው ልማድ ከነስህተቱ ለረዳቱ ልጅ መተላለፉ ነው። ልጁ ከጠየቀ «ፈሪ» ይባላል።

ዲጂታል ማልቲሜትር የገዛም ቢሆን አይኩራ። ቀዩን ገመድ ከአምፔር ቀዳዳ ሳይነቅል ሶኬት ውስጥ ቢከት ሾርት ማድረጉ ነው። በብዙ ርካሽ ሜትሮች ላይ ደግሞ የ10 አምፔሩ ቀዳዳ ፊውዝ የለውም።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። የሚሠራበትን መስመር ብሬከር ማጥፋት፤ ቴስተሩን መብራት እንዳለው በሚታወቅ ሌላ ሶኬት መሞከር፤ ከዚያ ሽቦውን መፈተሽ፤ በመጨረሻም ተመልሶ በዚያው ሶኬት ቴስተሩ አሁንም እንደሚሠራ ማረጋገጥ። ይህ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በእኔ እምነት ለረዳት ልጅ ካቻቢቴ ከማስያዝ በፊት ይህን ማስተማር ይገባል፤ የሚጠይቀውንም ልጅ ማመስገን እንጂ ማሸማቀቅ አይገባም።

በእኛ ሙያ ምንጭ ዝም ስላለ «አረጋግጧል» ተብሎ አይጻፍም፤ ሌላ ምንጭ ይፈለጋል። ዝም ያለ ቴስተርም እንዲሁ ነው። የእኛ ስህተት በማረሚያ ይታረማል፤ የዚያኛው ግን ማረሚያ የለውም።

ልብ ያለው ልብ ይበል!